ለሀጂ ካሜራ ፊልሞች ዲስክ ፍለጋ

ዲላ፣ ማለዳ

ኅዳር ውስጥ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከዲላ መናኸሪያ ወደ ይርጋጨፌ ተሳፈርኩ። ጭኔ ላይ ባስቀመጥኳት ቦርሳ ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ አሮጌ ሃርድ ዲስክ አለ። የጉዞው ዓላማ ሲነገር ቀላል ነው፤ ለቤታችን የፊልም ሰርቨር የሚሆን ዲስክ መርጬ ልገዛ ነው የወጣሁት። ባለቤቴ ሐያት «ሰው ለዲስክ ብሎ ኮቸሬ ድረስ ይሄዳል?» ብላ ስቃብኛለች። እኔ የሚስማርና የቀለም ነጋዴ ነኝ፣ ዕቃ ሳላይና ሳልነካ አልገዛም። ደግሞም የሄድኩት ለዲስኩ ብቻ አልነበረም።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። አባቴ ሹፌር ነበር። ከይርጋጨፌና ከኮቸሬ ማጠቢያ ጣቢያዎች በአይሱዙ ቡና ሲያመላልስ ነው ዕድሜው ያለቀው። ጋቢናው ውስጥ ግን እንደ እንቁላል የሚጠነቀቅላት የቪዲዮ ካሜራ ነበረችው። ጭነት በሌለ ቀን ሰርግ ይቀርጻል፤ ጭነት ባለ ቀንም መንገድ ላይ ሰርግ ካየ መኪናውን ዳር አስይዞ ይቀርጻል። እኛ ከስልጤ የመጣን ሙስሊሞች ነን፤ እሱ ግን የጌዴኦ ጴንጤዎችን የሰርግ መዝሙር ከነዜማው በቃሉ ይወጣው ነበር። ገጠሩ «ሀጂ ካሜራ» ይለዋል። መካን በሕይወቱ አላየም። ሀጂ ያደረጉት የይርጋጨፌ ገበሬዎች ናቸው።

ካሴቶቹን የዲላ እርጥበት በላቸው። ደግነቱ ከመሻገታቸው በፊት ይርጋጨፌ ወስጄ ሁሉንም ወደ አንድ ዲስክ አስገልብጬ ነበር። ፎጣው ውስጥ ያለው እሱ ነው። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ዲስኩ ደግሞ ሰሞኑን ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ጀመረ።

ሰርቨር ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከሱቅ ያወጣሁት አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ፊልሞቹ እሱ ላይ ይቀመጣሉ፤ በቤቱ ዋይፋይ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥንም የልጆቹም ስልክ ከዚያ እየሳቡ ያሳያሉ። ይህን ሁሉ የደከምኩት፣ እውነቱን ልናገር፣ በንዴት ነው። የእኛ አገር ሰው ፍላሽ ይዋሳል፣ አይመልስም። መሳቢያዬ ውስጥ የቀረኝ የፍላሽ ክዳን ብቻ ነው። ስለዚህ ማየት የፈለገ ቤት ይምጣ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ይይ አልኩ። ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የሚወጣ ነገር የለም!

ከሚንቋቋው ዲስክ ፊልሞቹን ለጊዜው ወደ ኮምፒውተሩ አንድ በአንድ ሳሻግር ሁሉም እሺ አሉ፣ አንዱ እምቢ አለ። ኮቸሬ ውስጥ ሬኮ በምትባል ቀበሌ የተደረገ ሰርግ ነው። አባቴ ሁልጊዜ ከካሜራው ጀርባ ስለሆነ በየትኛውም ፊልም ላይ አይታይም። የሚታየው በዚያ ብቻ ነው፤ የሬኮ ሰዎች ካሜራውን ከእጁ ነጥቀው እሱን ራሱን ቀርጸውታል። ለእናቴ ስነግራት «ፎቶውማ አለ። የጠፋብኝ አካሄዱ ነው። እንዴት እንደሚራመድ ላስታውስ ብል እምቢ አለኝ» አለችኝ። እንግዲህ ከዲላ ያስወጣኝ ይህ ነው።

ከመነሳቴ በፊት የከተማውን ሱቆች አዳርሻለሁ። አንዱ «ሁለት ቴራ» ተብሎ የተጻፈበት ፍላሽ በምሳ ዋጋ ሊሸጥልኝ ነበር። ያቺን ዓይነት አውቃታለሁ። ኮምፒውተር ላይ ስትሰካ ሁለት ቴራ ነኝ ትላለች፤ ጥቂት ፊልም እንደገባባት ግን የቀረውን ዝም ብላ ትውጠዋለች። በኋላ ብትከፍቱት ስሙ አለ፣ ፊልሙ የለም። ሌላው ባለሱቅ ኤስኤስዲ አሳየኝ። ውስጡ የሚሽከረከር አካል የለውም፣ ቢወድቅም ብዙ አይጎዳም፣ ፍጥነቱም ለጉድ ነው። ነገር ግን ለእኛ ፊልሞች የሚበቃውን መጠን ልግዛ ብል የሱቄን ግማሽ ቀለም መሸጥ ሊኖርብኝ ነው። ይርጋጨፌ ስቱዲዮ ያለው ወዳጄ ታምራት ግን በስልክ ሌላ ወሬ ነገረኝ። ሬኮ ያለ አንድ ማጠቢያ ጣቢያ ለጥበቃ ካሜራ ተገዝተው ሳይሰኩ የቀሩ ሁለት ዲስኮች አሉት፤ ባለቤቱ ሊሸጣቸው ይፈልጋል። «መጀመሪያ ግን የታመመውን ይዘህልኝ ና» አለኝ።

ከወናጎ በኋላ

ሚኒባሱ እስከ አፉ ሞልቶ ነው የወጣው። ወናጎ ላይ አንዲት ሴት ወርዳ አንድ ሽማግሌ ከጎኔ ገቡ። እጄ በፎጣው ጥቅል ላይ መሆኑን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሕፃን ነው?»

«ዲስክ ነው አባባ። ፊልም የሚቀመጥበት።»

«ታሟል?»

«ታሟል።»

«ጌታ ይማርልህ» አሉኝ ከልባቸው። ከዚያ በኋላ መኪናው በዘለለ ቁጥር ከእኔ እኩል እሳቸውም ቦርሳውን ደገፍ ያደርጉ ነበር።

በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም። ሆኖም ከወናጎ በኋላ የሚመጣው ዳገት ዛሬም አፌን ያስከፍተኛል። ደን ነው ብላችሁ የምታዩት ደን አይደለም፣ ሰፈር ነው። ከላይ ብርብራና ዋንዛ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ በእንሰቱ ጥላ ቡና፣ በቡናው ግርጌ ጎመንና ቦዬ። ከዚያ ሁሉ ቅጠል መሀል ቀጭን ጭስ ብቅ ካለ እዚያ ቤት አለ ማለት ነው። ከሩቅ ያየ ሰው እዚህ ማንም አይኖርም ይላል፣ ሚኒባሱ ሲቆም ግን ከየቅጠሉ ሥር ሰው ይወጣል። ወቅቱ የለቀማ ነው። በአስፋልቱ ዳር እሸት ቡና የሞላ ጆንያ ተደርድሯል፤ የቀዩ ብዛት ዓይን ያደክማል። አባቴ እዚህ ሲደርስ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጥሩንባ ይነፋ ነበር፣ ያለ ምክንያት።

ይርጋጨፌ

የታምራት ስቱዲዮ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። በር ላይ የሙሽሮች ፎቶ፣ ውስጥ ደግሞ እስከ ጣሪያ የተደረደረ የዲስክ ሣጥን። ሰላምታ ሳንጨርስ ዲስኩን ከፎጣው አውጥቶ ሰካው፣ ጆሮውንም አስጠጋ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

«አቦ፣ አርጅቷል» አለ። «ድምፁን ሰማኸው? ክንዱ ነው። ፊልሙ ያለበትን ቦታ ሊፈልግ ይሄዳል፣ ያጣዋል፣ ይመለሳል። ደግሞ ይሄዳል።»

ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ሲፈልግ መኖሩን ሳስብ አንጀቴን በላኝ። በንዴት ስንቴ በመዳፌ እንደመታሁት ለታምራት አልነገርኩትም።

ታምራት ከመሳቢያው የሞተ ዲስክ አወጣና ክዳኑን ፈቶ አሳየኝ። ውስጡ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን የምታክል ክብ ነገር አለች፣ ከመስታወት አብልጣ ታበራለች። ጎንበስ ስል ፊቴን አየሁባት። ከጎኗ እንደ ጥፍር የቀጠነች ክንድ ተዘርግታለች። ስትሠራ ሳህኗ በብርቱ ትሽከረከራለች፤ ክንዷ ደግሞ ከፀጉር በቀጠነ ክፍተት ከላይዋ ትሄዳለች፣ አትነካትም። ከነካቻት ፊልሙ ይፋቃል።

«የአባትህ ሰርግ በሙሉ እንደዚህ ያለች ሳህን ላይ ነው» አለኝ።

ስንት ሙሽራ፣ ስንት ድንኳን፣ ስንት የእልልታ ድምፅ፣ በዝናብ የቆመ ስንት አይሱዙ! ይህ ሁሉ በእኔ መዳፍ ልክ ባለች ነገር ላይ፣ በዓይን በማይታይ ጽሑፍ። ሚስማር በኪሎ የሚሸጥ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ምን ይላል? አላህ ለሰው ልጅ የሰጠው አእምሮ ያስፈራል አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ።

የሬኮውን ፊልም የሚያወጣ ፕሮግራም ከፈተለት፤ የተበላሸውን ቦታ እየዘለለ ደህናውን የሚለቅም ነው። እስከ ነገ ጠዋት ይፈጃል ስላለኝ ምሳ ልጋብዘው ወጣን። ጥብስ ከቆጮ ጋር በላን፣ በላዩ የአቮካዶ ጭማቂ ጠጣን። ዋጋው ከዲላ አይረክስም፣ አቮካዶው ግን ማንኪያ ያቆማል። እዚያው ማዕድ ላይ ስለ አዲሱ ዲስክ ተከራከርን።

«ለፊልም ኤስኤስዲ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። «ፊልም እኮ ቀስ ብሎ ነው የሚነበበው። ኮምፒውተሩ የሚነሳበትን ፕሮግራም በትንሽ ኤስኤስዲ ላይ አድርገው፣ ፊልሙን በሚሽከረከር ዲስክ። የካሜራዎቹ ዲስኮች ሌት ተቀን እንዲሠሩ ነው የተሠሩት፣ ላንተ ልክ ናቸው። መብራት ሲሄድ እንዳይደነግጡ ባለባትሪ ዩፒኤስ ጨምርበት።»

«ሁለቱንም አንድ ሣጥን ውስጥ ላስገባቸው? አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተካ።»

«ጥሩ ነው። መብረቅ ሲመጣ ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነው የሚወስዳቸው። ሌባም እንደዚያው። አንዱን ሌላ ቤት አስቀምጠው።»

«የማን ቤት?»

«የምታምነው ሰው ቤት ነዋ።»

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ፍላሽ የማይመልስ ሕዝብ መሀል ዲስክ አደራ ልሰጥ! ታምራት ግን አልሳቀም።

ከገበያው አጠገብ ባለ ፔንሲዮን አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት ስቱዲዮ ስደርስ ታምራት በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት፣ ፊቱን አይቼ ነገሩ ገባኝ። የሬኮ ሰርግ እስከ ምሳው ድረስ ወጥቷል። ሙሽሪት ከነነጭ ልብሷ፣ መዘምራኑ፣ ዳሱ፣ ሁሉም አለ። ከዚያ ሥዕሉ እንደ ተሰበረ ሸክላ ተበታትኖ ጠቆረ። ካሜራው ከአባቴ እጅ የተነጠቀው ከምሳ በኋላ ነው።

«ሞክሬያለሁ» አለኝ። «ያቺ ቦታ ተፍቃለች።»

ዲስኩን መልሼ በፎጣው ጠቀለልኩት። ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ ወደ ፍስሐ ገነት የሚሄድ መኪና ፈለግሁ።

ሬኮ

ፍስሐ ገነት ላይ ወርጄ ወደ ሬኮ በሞተር ወጣሁ። ባለሞተሩ ዋጋውን ሲጠራ ሞተሩን የምገዛው መስሎኝ ነበር፤ ተጨቃጭቀን ተግባባን። ቀይ አፈሩ ከሌሊቱ ዝናብ የተነሳ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከላይ ሆነን ቁልቁል ስናይ ሸለቆው በጉም ተሞልቶ የዛፎቹ አናት ብቻ ይታይ ነበር። ባለሞተሩ ሳልጠይቀው ሞተሩን አጠፋልኝ። አንድም የመኪና ድምፅ የለም። ከጉሙ ሥር ዶሮ ይጮኻል፣ ሰው ይጣራል፣ ውኃ ይወርዳል። ልቤ ከብዶኝ ነበር፣ እሱም ቢሆን ትንሽ ቀለል አለኝ።

ማጠቢያ ጣቢያው ውስጥ ሥራ ጦፏል። መፈልፈያው ያጓራል፤ የተፈለፈለው ቡና በቦዩ ሲወርድ ሰዎች ውኃ ውስጥ ቆመው በእንጨት እየገፉ ይዘምራሉ። ተዳፋቱን ሙሉ የማድረቂያ አልጋ ነው፣ ሴቶች በየአልጋው ዳር ቆመው የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ። የማሽኑ ኃላፊ አቶ ዘለቀ ከሩቅ አይቶኝ እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ መጣ። የአባቴ የድሮ ወዳጅ ነው፣ አይሱዙውን ስንት ጊዜ አስጭኖለታል። አማርኛው ከጌዴኦኛ ጋር ተዋዝቶ ነው የሚወጣው፣ ዕቃ ሁሉ አንዴ ወንድ አንዴ ሴት ይሆናል።

«የሀጂ ልጅ! ና፣ ና ግባ! ዲስኮቷ እዚህ አለ፣ ማንም አልነካውም።»

ወደ ዘበኛው ክፍል አስገባኝ። ቆርቆሮ ቤት ናት፣ የቡናው ገለባ አቧራ ግድግዳውን አልብሶታል። ጥግ ላይ የካሜራዎቹ መቅጃ ሣጥን አለ፣ በላዩ የዘበኛው ካፖርት ተጥሎበታል። ካፖርቱን አንስቶ «እጅህን አስቀምጥ» አለኝ። መዳፌን አሳረፍኩ። ውስጡ ያለው ዲስክ ይንቀጠቀጣል፣ በጣም በስሱ፣ እንደ ተኛች ድመት ሆድ። ከተሰካ ጀምሮ መብራት ካልሄደ በቀር ቆሞ አያውቅም አለኝ። በዚያ ጩኸት፣ በዚያ እርጥበትና አቧራ መሀል፣ መብራት እየመጣና እየሄደ፣ ያንን ግቢ ሲመዘግብ ኖሯል። እጄን ለማንሳት ጊዜ ወሰደብኝ።

ሁለቱ አዳዲሶች ከነማሸጊያቸው ናቸው። እርጥበት የሚመጥጠው ትንሽ ከረጢት እንኳ አልተነካም። መለያ ቁጥራቸውን በስልክ ፎቶ አንስቼ ለታምራት ላክሁለት፣ የፋብሪካውን ዋስትና አረጋግጦ «አስመሳይ አይደሉም፣ ውሰድ» አለኝ። ዋጋው ከዲላው ኤስኤስዲ ጋር አይወዳደርም። ገዛሁ። መደሰት ነበረብኝ፣ አልተደሰትኩም። ዘለቀም አየኝ።

«ምነው? አልወደድካትም?»

የሬኮውን ፊልም ነገር፣ የእናቴንም ነገር ነገርኩት። ያ ሰርግ የወንድሙ የመንገሻ ሰርግ ነው። አንገቱን ነቀነቀ።

«እኛ ጋ የነበረ ካሴቷ ሻገተ፣ እኛም ጣልነው። መንገሻ ግን ሚስቱን ይዞ ዱመርሶ ገብቷል፣ ለአማቶቹ ቅርብ ነው። ፍላሿ እሱ ጋር ነው።»

«የምን ፍላሽ?»

«ሀጂ የሰጠው ነዋ! አረንጓዴ። ሊታመም ሲል ጊዜ ለሁሉም ሰጥቷል።»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አባቴ በመጨረሻው ዓመት መኪና መንዳት ካቆመ በኋላ ፍላሽ ግዛልኝ እያለ ይጨቀጭቀኝ ነበር። እኔ እገዛለሁ፣ ይጠፋሉ። የት አደረስካቸው ስለው «ለባለቤቶቹ» ይለኛል። ስቆጣ ደግሞ «የሰው ሰርግ ነው፤ እኛ ቤት ምን ይሠራል?» ይለኝ ነበር። የፍላሽ ክዳኖቹ ከዚያ ዘመን የቀሩ ናቸው።

ዱመርሶ

ከሰዓት በኋላ ከይርጋጨፌ ወደ ዲላ በሚመለስ ሚኒባስ መጥቼ ዱመርሶ ላይ ወረድኩ። መንገሻን የማያውቀው የለም። በእንሰት መሀል ባለች ቀጭን መንገድ ወሰዱኝ፤ ቅጠሉ ከጣሪያ በላይ ስለሆነ ቤቱ ጋ የደረስኩት በሩ ፊቴ ላይ ሲሆን ነው። መንገሻ አሁን ፀጉሩ ሸብቷል። በፊልሙ ላይ የማውቃት ነጭ ለባሽ ሙሽሪት፣ እትዬ አስቴር፣ የቡና ጆንያ እየሰፋች ተቀምጣለች። የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲሰሙ ሁለቱም ተነሱ።

ፍላሹን ስጠይቅ ተያዩ።

«ኧረ እዚህ የለችም» አለች አስቴር እየሳቀች። «ጎረቤት ተውሷታል። ልጃቸው ስታገባ የእኛን ሰርግ ማየት ፈልገው።»

ደሜ ፈላ። ሁለት ቀን ሙሉ ዲስክ ታቅፌ የዞርኩት እዚህ ለመድረስ ነው! ተውሰዋል! እንግዳ መሆኔ ያዘኝ እንጂ የምናገረውን አውቅ ነበር። መንገሻ ፊቴን አይቶ መሰለኝ፣ ሊያጽናናኝ ፈለገ።

«ግዴለም፣ ትገኛለች። ሀጂን እንዴት እንረሳለን? እንዲህ አልነበር የሚሄደው?»

ተነሳና ከግድግዳው ወደ በሩ ተራመደ። ትከሻውን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ግራ እግሩን ትንሽ ጎተት እያደረገ። የፍሪሲዮን እግሩን! ዕድሜ ልኩን ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረ እግር። እኔ ልጁ የረሳሁትን፣ እናቴ ሌሊት ስትፈልገው የምታጣውን አካሄድ፣ የዱመርሶ ገበሬ በገዛ ቤቱ ወለል ላይ ሄደው። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅኩትም። አስቴርም ሳቋን አቆመች።

ከዚያ ፍላሿን ፍለጋ ሦስታችን ወጣን። የመጀመሪያው ጎረቤት «ለመዘምራኑ መሪ ሰጥተናታል» አለ፣ እሱም ተከተለን። የመዘምራኑ መሪ «ለእህቴ» አለ፣ እሱም መጣ። እህትየዋ ቤት ስንደርስ በእንሰቱ መሀል የምንሄደው ሰዎች ለሽምግልና የተላክን እስክንመስል በዝተናል። እያንዳንዱ መንገድ ላይ ስለ አባቴ የሚነግረኝ ነበረው። አንዱን ሐኪም ቤት በአይሱዙው አድርሶታል፣ የሌላውን ሟች እናት በሕይወት ሳለች ቀርጿታል። አስቴር ደግሞ «ለምሳው ለሀጂ ለብቻው በሙስሊም እጅ አሳርደን ነበር» አለችኝ። «አብሮን ሳይበላ ሰርጉ ሰርግ አይሆንም ብሎ መንገሻ።»

የመዘምራኑ መሪ እህት ቤት አረንጓዴዋ ፍላሽ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተሰክታ አገኘናት። ክዳን የላትም፤ ክዳኗ ዲላ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ልነቅላት ስል ሴትየዋ ከለከለችኝ።

«ቀስ በል ወንድሜ፣ ብትበላሽ እንኳ እኛ ስልክ ላይ አለ።»

«እኛም ጋር አለ» አለ የመጀመሪያው ጎረቤት። «ሳንገለብጥ አልሰጠንም።»

«መዘምራኑም ጋር አለ» አለ መሪያቸው።

ሁሉም፣ ሲዋሱ ገልብጠው አስቀርተው፣ ከዚያ ነው ለሌላው ያዋሱት። በፊልሙ ላይ የየቤቱ ሰው ስላለበት ማንም አላጠፋውም። እኔ ለአንዲት ፊልም ይህን ሁሉ መንገድ ስመጣ፣ እሷ ስንት ቤት ውስጥ እንደምትኖር የሚያውቅ እንኳ አልነበረም። ቀና ብዬ በሩ ላይ የቆሙትን ሰዎች አየሁ። ታምራት የምታምነው ሰው ቤት ሲለኝ የሳቅሁት ሳቅ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ከፈቱልን። ሙሽሪት፣ መዘምራን፣ ዳስ፣ ምሳ። ከዚያ ሥዕሉ ድንገት ዘመመ፣ ሰማይ ታየ፣ ሰዎች ሳቁ። ከዳሱ ወዲያኛው ጫፍ አባቴ ሳህን ይዞ ብቅ አለ። ቆብ አድርጓል፣ ጢሙ ገና ጥቁር ነው። ትከሻውን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ግራ እግሩን ጎተት እያደረገ በሰዉ መሀል ወደ እኛ መጣ። ካሜራው እሱ ላይ መሆኑን ሲያይ ቆመ፣ መዳፉን ዘረጋ፣ እየሳቀ «ስጠኝ እንጂ! ባትሪው ሊያልቅ ነው!» አለ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት በሙሉ ከእሱ እኩል አብረው አሉት። ስንት ጊዜ ቢያዩት ነው ቃሉን ያጠኑት! ከዚያ መዳፉ ሌንሱን ሸፈነና ጨለመ።

ልሄድ ስል አረንጓዴዋን ፍላሽ በእጄ አስያዙኝ። አዲሱን ዲስክ አሳይቻቸው፣ የአባቴን ፊልሞች በሙሉ ሞልቼበት ላመጣላቸው፣ እነሱም ቤት እንዲቀመጥልኝ ለመንኳቸው። መንገሻ አገላብጦ አየው።

«ሁሉም ሰርግ? የአሪቻም የኮቸሬም?»

«ሁሉም።»

«ሰው ሊዋስ ቢመጣስ?» አለ በጭንቀት። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ሳያውቅ አልቀረም።

አስቴር መልሴን አልጠበቀችም። «ስታመጣው እናትህን ይዘህ ና» አለችኝ።

ዲላ፣ ቤት

ቤት ስደርስ ገና መሽቶ አልነበረም። አንዱን ዲስክ አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ አሰርኩት፣ ፊልሞቹን አሻገርኩ፣ የሬኮውን ከፍላሿ ጨመርኩበት። እጄን ሣጥኑ ላይ ሳሳርፍ እንደ ሬኮው በስሱ ይንቀጠቀጣል። ሌላኛው ሲሞላ ዱመርሶ ይሄዳል፤ የሚሽከረከር ዲስክ፣ ሁለት፣ በሁለት ቤት፣ ይህ ነው ምርጫዬ። አሮጌውን ግን አልጣልኩትም። መልሼ በፎጣው ጠቀለልኩትና ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ከእንግዲህ መፈለጉን ይተው ብዬ።

እናቴን ሶፋው ላይ አስቀምጬ ከፈትኩላት። ከምሳው በኋላ አባቴ ከዳሱ ጫፍ ብቅ ሲል ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ወደ እሷ መጣ፣ ያን እግሩን እየጎተተ። «ስጠኝ እንጂ! ባትሪው ሊያልቅ ነው!» ሲል እናቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብላ «ተዋቸው፣ ይቅረጹህ!» ብላ ተቆጣችው። ሲጨልም ድገመው አለችኝ። ደገምኩት። በመጨረሻ ብድግ አለችና ሳሎኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችው፣ ትከሻዋን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ግራ እግሯን ጎተት እያደረገች። «እንዲህ ነበር» አለች። «እንዲህ ነበር የሚሄደው።»

በማግስቱ ከሱቅ ስመለስ ሰርቨሩ ደህና ይሠራል፣ አጠገቡ ያስቀመጥኳት አረንጓዴ ፍላሽ ግን የለችም።

«እማ፣ ፍላሿስ?»

«ጎረቤት መጥታ ነበር። ሀጂ ሲሄድ ልየው ብትለኝ ሰጠኋት።»

እንደ ልማዴ አፌን ከፈትኩ፣ መቼ ትመልሳለች ልል። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ገልብጣ ታስቀር በያት» አልኩ።